ጥላሁን ግዛው የተሸነፈበት ዓመት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና የቀረበለት ይቀመጥ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመም ያንብብ፤ ሰልፉ እንደሆነ አያልቅም።

ባለፈው እሁድ ማታ ቴሌግራም ላይ "ቲቸር ሰላም ኖት? አስታወሱኝ?" የሚል መልእክት ገባልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት። እንዴት እረሳታለሁ! ስለ ዓድዋ ስንማር እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ስማቸው ለምን መጽሐፉ ላይ የለም?" ብላ ያፋጠጠችኝ እሷ ናት። አሁን ክፍለ ሀገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ስሟንም ግቢዋንም አልጠቅስም። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን እንድጠራ ግን አልፈቀደችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ የተማሪዎች መብት ተጠሪ ለመሆን ልትወዳደር ነው። ሥራው በአጭሩ ጠበቃ መሆን ነው። ግሬዱ ያላግባብ ተበላሸብኝ የሚል፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የተከሰሰ፣ ከዶርም ውጣ የተባለ ተማሪ ሲመጣ አብሮ ቢሮ ለቢሮ መዞር፣ ስብሰባ ላይም ስለሱ መናገር። የጠየቀችኝ ግን ስለ ሥራው አልነበረም። "ቲቸር፣ ከተሸነፍኩ በጣም ነው የማፍረው። ዶርሜ ያሉት ሁሉ አውቀዋል። ብተወው አይሻልም?" ነው ያለችኝ።

እውነቱን ለመናገር "አይዞሽ፣ በርቺ" ብዬ ልተኛ ነበር። ደሞም እኔ ማን ነኝ? ዲፕሎማዬን ከመምህራን ኮሌጅ ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። ነገር ግን አንድ ምርጫ የተሸነፈ ሰው ትዝ አለኝና እንቅልፌ ጠፋ። ለሷ የጻፍኩላትን ትንሽ አስፋፍቼ ለእናንተም አቀርበዋለሁ።

ጥላሁን ግዛው ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ሞቱን ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ አፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተመቶ ሞተ። ይሄን ተማሪዎቼም ያውቁታል። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ለዚያው ለማኅበሩ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ መሸነፉን ግን ክፍል ውስጥ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ጀግና ስናደርገው ሽንፈቱን ቆርጠን ጣልነው መሰለኝ።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። የሚመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ካህናት ነበሩ። ከአባ ሉሲየን ማት ዘመን የተረፈው ስም ጥብቅ ዲሲፕሊን የሚባለው ነው፤ ተማሪው ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ግቢ ውስጥ ይበላል፣ የሚያወጣው ጽሑፍም ዓይን ይከተለዋል። የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲመጣ እነዚህ "ጨዋ ልጆች" የተባሉት ለግልበጣው ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡና ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ራሳቸው ጃንሆይ ናቸው። እስቲ አስቡት፦ የተማሪ ተወካይ ሆነህ አቤት የምትልበት የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ነው!

እኛ ሰፈር ሰዎች ይሄን ታሪክ የስድስት ኪሎ ብቻ አድርገን ነው የምናየው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ስትወርዱ የምታገኙት ሕንፃ ኮሌጅ ግን የዚያ ታሪክ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተከፈተ ተቋም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ተጠቃለለ። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ፤ ተማሪው በከተማው ተበታትኖ ነው የሚማረው። ለየብቻ የነበሩት የግቢ ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የማኅበሩ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ "ስትራግል" ይባላል፤ በአማርኛ "ታገል" ነው። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ማለት የአንድ ግቢ ልጅ አይደለም፤ የከተማው ተማሪ ሁሉ አፍ ነው።

ይሄ ወንበር ለምን እንደዚያ ከበደ? አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል የለም። የፓርላማ ምርጫ አለ፣ ከ1949/50 ዓ.ም. ጀምሮ ተካሂዷል፤ ግን ተወዳዳሪው ንብረት ያለው መሆን አለበት፣ ፓርቲ የለም፣ ፕሮግራም ለፕሮግራም የሚፋጠጥበት መድረክ የለም። እና አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ቆሞ "ምረጡኝ፣ ምክንያቴ ይሄ ነው" የሚልበት፣ ሌላው ተነስቶ "ውሸት ነው" የሚልበት፣ ከዚያ ካርድ ተቆጥሮ አንዱ አሸነፈ የሚባልበት ቦታ የተማሪው ማኅበር ነበር። በኔ አስተያየት ለዘመናዊ የምርጫ ክርክር የመጀመሪያው ትምህርት ቤታችን እዚያ ነው። ጥሩውንም ክፉውንም እዚያ ተማሩት።

ጥሩውን አስቀድሜ ልናገር። ማኅበሩ ጠበቃ የሆነው ለራሱ አባላት ብቻ አልነበረም። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው ወደ ፓርላማው የወጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚያርሱት መሬት የላቸውም። በ1958 ሾላ ውስጥ ለማኝና ድኻ እየታፈሰ የሚታጎርበት ካምፕ መኖሩን ሰምተው "ድህነት ወንጀል ነው ወይ?" ብለው ተሰለፉ። በ1959 ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ ሲወጣ ያንኑ አዋጅ ተቃውመው ሊሰለፉ ሲሉ ፖሊስ ግቢያቸው ገብቶ ደበደባቸው። እንግዲህ የሾላው ድኻ ድምፅ አልሰጣቸውም፣ ሊሰጣቸውም አይችልም። ግን ጠበቃ አገኘ። ይሄን ሳስተምር አንዳንዴ ድምፄ ይለወጣል፣ ተማሪዎቼ ያውቁብኛል።

ክፉውንም አልደብቅም፣ በተለይ ጠያቂዋ ሴት ስለሆነች። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ላይ ግቢ ውስጥ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። የፈረንጅ ባህል ወረራ ነው፣ ሚኒ ስከርት ነው ተባለና ወንዶቹ ተማሪዎች አዳራሹን ከበቡ። እንቁላል ወረወሩ፣ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሴቶች ሰደቡ፣ መቱም። የተመቱት እኮ የማኅበሩ አባል የሆኑ የክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው! ከዚያ ግርግሩ ሰፍቶ ፖሊስ ገባ፣ እስር መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እስሩና ስለ መዘጋቱ ሆነ። በዚያች ቀን በጥፊ የተመታችው ልጅ በማግስቱ ለማን አቤት ትበል? ጠበቃዋ የሚባሉት መቺዎቿ ናቸው። የማኅበሩ ወዳጆች ይሄን ታሪክ ሲጽፉ ፈጠን ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ፔሬድ እሰጠዋለሁ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ግቢው ውስጥ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ "አዞዎቹ" የሚባል ትንሽ የሥውር ቡድን ነበር። ማርክሲስት ናቸው፤ በአደባባይ ስማቸው አይጠራም፣ ከኋላ ሆነው ግን ለማኅበሩ ወንበር የራሳቸውን ሰው ያዘጋጃሉ፣ አጀንዳ ያስይዛሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ረጋ እንበል፣ በተማሪው ጉዳይ ላይ እናተኩር የሚሉ ነበሩ። የማኅበሩ ምርጫ የነዚህ የሁለቱ መንፈሶች ፍልሚያ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ጥላሁን ከአዞዎቹ ወገን ነው። ሰውየው የሚገርመው በትውልዱ ነው። የትግራይ ልጅ ነው፣ የደጃዝማች ግዛው ልጅ። በአባቱ የምትገናኘው እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበረች። ቤተ መንግሥቱ ለሱ የዘመድ ቤት ነው ማለት ነው። ዝም ቢል ሹመት ይጠብቀዋል፤ ባይማርም አይራብም። እንዲህ ያለው ልጅ ነው "መሬት ላራሹ" ከሚሉት ጋር ቆሞ ለተማሪ ማኅበር ምረጡኝ ያለው።

በ1961 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ተወዳደረ። ተፎካካሪው መኮንን ቢሻው ነበር፤ ለዘብ ያለው ወገን የሚደግፈው። ተማሪው ድምፅ ሰጠ፤ መኮንን አሸነፈ፣ ጥላሁን ተሸነፈ።

ለምን ተሸነፈ የሚለውን በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዱ የአክራሪዎቹን አካሄድ ተማሪው ፈርቶ ነው ይላል፣ ሌላው የትውልድ ቦታ ነገር ገብቶበታል ይላል። እኔ መሐላቸው ገብቼ አልፈርድም። የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዘመናችን የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፦ ወይ ተጭበርብሯል ይላል፣ ወይ የራሱን ሌላ ማኅበር ያቋቁማል፣ ወይ ስልኩን አጥፍቶ ይጠፋል። ጥላሁን እዚያው ማኅበር ውስጥ ቆየ። ያ ዓመት ደግሞ ቀላል ዓመት አልነበረም። በ1961 አጋማሽ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እስከ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ጉዳይ ተነሳስቶ ትምህርት ቆመ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ብዙ ተማሪ ታሰረ። በዚያው ዓመት ክረምት እነ ብርሃነ መስቀል ረዳ አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ገቡ፤ እዚህ ሀገር ተቀምጦ በማኅበርና በድምፅ የሚመጣ ነገር የለም ያለው ሰው እየበዛ ነበር ማለት ነው። ጥላሁን ግን በ1962 መጀመሪያ እንደገና ተማሪው ፊት ቀረበና "ምረጡኝ" አለ። አሁን መረጡት።

እዚህች ጋ ትንሽ ቁሙልኝ። አምና "አንፈልግህም" ያሉህ ሰዎች ፊት ዘንድሮ ተመልሶ መቆም ቀላል ይመስላችኋል? ያሸነፈበትን ቀን ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ ግን ባየሁት ብዬ የምመኘው በተሸነፈ ማግስት ጠዋት ካፌ ገብቶ ዳቦና ሻዩን ይዞ ወንበር ሲፈልግ ነው። የት ተቀመጠ? ማን "ና እዚህ" አለው?

የፕሬዚዳንትነቱ ዕድሜ በጣም አጭር ነው። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጽሑፍ "ስትራግል" ላይ ወጣ። ስለዚያ ጽሑፍ ዛሬ አልጽፍም፤ ኮሜንት መስጫው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ግቢውና መንግሥቱ ግን ከዚያ በኋላ ተፋጠጡ። በታኅሣሥ 19 ማታ ጥላሁን ተገደለ። ተማሪዎቹ አስከሬኑን ከሆስፒታል አውጥተው ግቢ አስገቡት። በማግስቱ ታኅሣሥ 20 አስከሬኑን ከበው ቆመው ሳለ የክብር ዘበኛ ጦር ግቢውን ጥሶ ገባና ተኮሰ። ሌሎችም ተማሪዎች ሞቱ።

መንግሥት የአንድ ተማሪ አስከሬን ለምን እንደዚያ አስፈራው የሚል ካለ ጎረቤታችንን ይይ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1964 ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፖሊስ አሕመድ አል ቁረሺ የሚባል ተማሪ ገደለ። ቀብሩ ሰልፍ ሆነ፣ ሰልፉ የሥራ ማቆም አድማ ሆነ፣ አድማው የጄኔራል አቡድን መንግሥት ጣለ። አዲስ አበባ ይሄን ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ታገደ፣ ጋዜጣውም ታገደ። ተማሪው ማኅበሩን ለማስመለስ ሌላ ትግል ገጠመ። በደርግ ጊዜ ጭራሽ ራሱን የቻለ የተማሪ ማኅበር የሚባል ቀርቶ ወጣቱ ሁሉ አኢወማ ውስጥ ገባ። ተወካይ አለህ ትባላለህ፣ ግን ተወካይህ የሚነግርህ ከላይ የተባለውን ነው።

በደርግ መንገድ ላይ የቆመው ጥፋት ግን የደርግ ብቻ አይደለም፣ ይሄንንም ለልጅቷ ጻፍኩላት። በስድስት ኪሎና በውጭ ሀገር በተማሪ ማኅበራት ውስጥ አብረው ድምፅ ይሰጡ የነበሩት እነዚያው ልጆች አድገው ኢሕአፓና መኢሶን ሆኑ። ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መከራከር ያውቃሉ፤ ተሸንፎ አብሮ መቀመጥን ግን ረሱት። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. የዚህ ከተማ መንገድ ላይ የሆነውን ወላጆቻችሁን ጠይቁ። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች እስካሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። በ1961 ጥላሁን የተሸነፈው መኮንን ደግሞ ያሸነፈው በካርድ ነበር፤ በማግስቱ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ስምንት ዓመት ብቻ ነው መሐሉ።

አሁን ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የፋሲካ ሰሞን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ነጻ ማኅበር ይኑረን፣ የታገደብን ጋዜጣ "ሄሊና" ይፈቀድልን ብለው ተነስተው ነበር። ጥያቄው እኮ ከጥላሁን ዘመን አልተለወጠም፦ ተወካይና አፍ። ፖሊስ ግቢ ገባ፣ ረብሻው ወደ ከተማ ወረደ። እኔ ሱቅ ተልኬ ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ስወጣ ሱቆቹ በራቸውን እየጎተቱ ይዘጋሉ፣ ሰው ከመርካቶ አቅጣጫ ይሮጣል። እናቴ ነጠላዋን ሳትይዝ መጥታ በጆሮዬ ጎትታ አስገባችኝ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ሞተ፣ በሺ የሚቆጠር ተማሪ ታሰረ፣ ወደ ኬንያ የተሰደዱም ነበሩ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቋሚ ምክር ነበራት፦ "ተማር፣ ግን ወኪል አትሁን።"

አልሰማኋትም። በከፊል ማለቴ ነው።

ይሄን እዚህ ገጽ ላይ ጽፌው አላውቅም። መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተወዳድሬ የተማሪ ተወካይ ሆኛለሁ። ሰላሳ አንድ ለአሥራ አራት ነው ያሸነፍኩት፤ ቁጥሩን እንዴት እንደማልረሳው አትጠይቁኝ። ፖስተሬ ላይ "ድምፃችሁ እሆናለሁ" የሚል ነበረበት። በፊደሉ ውበት ራሴ ተደንቄ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ካፌ ውስጥ በቁርሱ ምክንያት ተማሪው አንድ ጠዋት አልበላም አለ። ማን አስነሳው ተባለ፤ የአንድ ልጅ ስም መጣ። ማስረጃው የአንድ ፕሮክተር ደብዳቤ ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ አምስት ሰው፣ ተማሪው እኔ ብቻ። ልጁ በዚያ ጠዋት አሞት ዶርም ተኝቶ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ ከጎኑ አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ነው፣ ሻይ የወሰደለትም እሱ ነው። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አነበቡ፣ ልጁን "ምን ትላለህ?" አሉት፣ "እኔ አይደለሁም" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "የተማሪ ተወካይ፣ የምትጨምረው አለህ?" አሉኝ።

"የለኝም" አልኩ።

ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቶኝ ነበር። ምድብ ቦታዬን የሚወስኑት ሰዎች እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ መሰለኝ። እንደዚያ መሆኑንም አላጣራሁም፣ መሰለኝ ብቻ። ልጁ የአንድ ዓመት እግድ ተፈረደበት። ሰማያዊ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ በመስኮት አይቼዋለሁ። በዓመቱ አልተመለሰም። የት እንዳለ አላውቅም፤ ፌስቡክ ላይ ስሙን ጽፌ ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። አግኝቼው ምን እንደምለው ግን አሁንም አላውቅም።

ስለዚህ ልጅቷ "ከተሸነፍኩ አፍራለሁ" ስትለኝ ሳቄም እንባዬም መጣ። እኔ እኮ ያፈርኩት አሸንፌ ነው!

ለሷ የጻፍኩላት እንግዲህ ይሄንን ነው። ለመወዳደር መወሰን ያንቺ ነው፤ እኔ ግን ተወዳደሪ ባይ ነኝ። ፖስተርሽ ላይ ስለ ሀገር አትጻፊ። ሀገር ትቆይሽ ማለቴ አይደለም፣ እነ ጥላሁን ስለ ሀገር ተናገሩ፣ እሰየው። ግን በራስ መኮንን አዳራሽ በር ላይ የተመታችውን ልጅ አስቢያት፤ ማኅበሩ የአፍሪካን ጉዳይ የሚያውቅ፣ የሷን ጉዳይ የማያውቅ ነበር። ውጤቱ የተበላሸበት ልጅ አቤቱታ የት ነው የሚያስገባው፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ማን ይፈርማል፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ የተማሪ ተወካይ ድምፅ አለው ወይስ ታዛቢ ብቻ ነው፣ ይሄን የግቢሽን የተማሪዎች መመሪያ አውጥተሽ አንብቢ። አብዛኛው ተወዳዳሪ አያነበውም፤ እኔም አላነበብኩትም ነበር። ካነበብኩት በኋላ ነው በዚያች ቀን ልዩነት አለኝ ብዬ በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ እችል እንደነበር የገባኝ። አንድ መስመር ብቻ ነበረች።

ደግሞ ከኋላሽ ማን እንዳለ ለራጮችሽ ንገሪያቸው። የሆነ ቡድን "እኛ እናስመርጥሻለን፣ አንቺ ዝም ብለሽ ግቢ" ካለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ተጠሪነትሽ ለነሱ ነው የሚሆነው። አዞዎቹ ቅን ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ድምፅ የሰጠው ተማሪ እነሱ ምን እንደተስማሙ አያውቅም ነበር። ይሄን ስል ብዙ ያ ትውልድ ወዳጆቼ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ጋሼዎች፣ ይቅርታ፤ ቡና እየጠጣን እንከራከርበታለን።

ከተሸነፍሽም በማግስቱ ካፌ ግቢ፤ ያሸነፈችውን "እንኳን ደስ አለሽ" በያት። ከዚያ መመሪያውን ያነበብሽው አንቺ ስለሆንሽ አቤቱታ የያዘ ተማሪ ወዳንቺ መምጣቱ አይቀርም፤ ወንበሩ ባይኖርሽም አብረሽው ሂጂ። ዓመት ሲዞር ደግሞ ምርጫ አለ።

ረጅም ነበር የላኩላት፣ እንደዚህ ጽሑፍ። "ታይቷል" የሚለው ምልክት መጣ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም። ተሳሳትኩ እንዴ፣ ልጅቷን አስፈራራኋት እንዴ ብዬ ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ከዚያ መልሷ ገባ፦

"ቲቸር መመሪያውን ላይብረሪ ጠየቅኩ፣ አንድ ኮፒ ነው ያለው፣ ነገ ፎቶ አነሳዋለሁ። ምርጫው ሐሙስ ነው። ለፖስተር የሚሆን ወረቀት ግን እዚህ በጣም ተወዷል፣ በምን ልሥራ?"

የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ነጭ ነው፤ የአምናውን ከየቢሮው ለምኚ አልኳት።